የኦክስጅን መለኪያ አጠቃቀምና የናሙና ጋዝ አያያዝ
በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከተሞች ለሚገኙ ቤተሰቦችና አስታማሚዎች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ስለ ኦክስጅን የሚነሣው ጥያቄ ከሆስፒታል ግቢ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። ቀደም ሲል የኦክስጅን ሲሊንደርን በቅርብ የሚያውቁት በአብዛኛው የጤና ባለሙያዎችና የብየዳ ሠራተኞች ነበሩ። ወረርሽኙ ከተስፋፋ በኋላ ግን ከሕክምና ማዕከል ወጥተው በቤታቸው የሚያገግሙ ሕመምተኞችን የሚያስታምሙ ቤተሰቦችም ሲሊንደር ማስሞላት፣ ኮንሰንትሬተር መከራየትና የሚወጣውን ጋዝ ጥራት መጠየቅ ጀምረዋል።

በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. በሕንድ በተከሠተው ከባድ የወረርሽኝ ማዕበል ኦክስጅን ያለቀባቸው ሆስፒታሎች በር ላይ ሕመምተኞች ሕይወታቸው ሲያልፍ ዓለም ተመልክቷል። ሆኖም አደጋው ኦክስጅን ሲጠፋ ብቻ የሚመጣ አይደለም። መሣሪያው እየሠራ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ውኃው እየተንፎለፎለ፣ የሚወጣው ጋዝ ከተራ አየር ብዙም ያልተሻለ ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን ቀለምም ሽታም የለውምና ይህን በዓይንም ሆነ በአፍንጫ መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው በመለኪያ ብቻ ነው፤ መለኪያውም እውነቱን የሚናገረው ወደ እርሱ የገባው የናሙና ጋዝ በትክክል ከተያዘ ነው።

መለኪያው ምን ይለካል?

በቅድሚያ ሁለት መሣሪያዎችን መለየት ያስፈልጋል። በጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚለካው በሕመምተኛው ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ሙሌት ነው። ኦክስጅን አናላይዘር የሚባለው መለኪያ ግን ሕመምተኛውን አይነካም፤ የሚለካው ከሲሊንደር ወይም ከኮንሰንትሬተር በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ከመቶ ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደ ሆነ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊተካ አይችልም።

የናሙና ጋዝ የሚባለው ለልኬት ሲባል ከኦክስጅን ምንጩ ተቀድቶ በቀጭን ቱቦ ወደ መለኪያው የሚላከው ጥቂት ጋዝ ነው። ናሙናው ምንጩን በትክክል መምሰል አለበት። በመንገድ ላይ አየር ከገባበት፣ ውኃ ካዘለ ወይም ከታፈነ፣ መለኪያው የሚያሳየው የምንጩን ሳይሆን የተበላሸውን ናሙና ቁጥር ይሆናል።

በእጅ የሚያዙት አብዛኞቹ መለኪያዎች በውስጣቸው እንደ ባትሪ የሚሠራ ሴል አላቸው። ኦክስጅን ወደ ሴሉ ሲገባ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ መሣሪያው ይህን ኃይል ወደ በመቶኛ ለውጦ ያሳያል። ሴሉ መሣሪያው ጠፍቶ በተቀመጠበት ጊዜም በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን እየተበላ ስለሚሄድ፣ አምራቹ በወሰነው ጊዜ መቀየር አለበት። ዘመኑ ያለፈበት ሴል ቁጥር ማሳየቱን አያቆምም፤ የሚያሳየው ቁጥር ግን አይታመንም።

ከፍታ ቁጥሩን እንዴት ይለውጣል?

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር በጎጃም መንገድ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሦስቱም በከፍተኛ ቦታ ላይ የተቆረቆሩ ሲሆኑ ሱሉልታ ከሰበታ በጥቂት መቶ ሜትሮች ይበልጣል። ሯጮች ሱሉልታን ለልምምድ የሚመርጡት በዚሁ ከፍታው ምክንያት ነው። ለሯጭ ጥቅም የሆነው ስስ አየር ግን ሳንባው ለተጎዳ ሕመምተኛ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ብዙ ሰዎች በከፍታ ቦታ አየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ድርሻው አይቀንስም፤ በባሕር ዳርቻም ሆነ በእንጦጦ ጫፍ ከደረቅ አየር ውስጥ 20.9 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ግን 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ይህ የአየር ግፊት ልዩነት በመለኪያው ላይም ይታያል። ሴሉ በእርግጥ የሚሰማው የኦክስጅንን ግፊት እንጂ ድርሻውን አይደለም። በባሕር ጠለል ግፊት ተስተካክሎ የመጣ፣ የግፊት ማካካሻ የሌለው መለኪያ እዚህ ሲከፈት ተራውን የክፍል አየር 20.9 ሳይሆን 16 በመቶ ገደማ አድርጎ ያሳያል። ይኸው መለኪያ 93 በመቶ ኦክስጅን በሚያወጣ ጤናማ ኮንሰንትሬተር ላይ ቢደረግ 70 በመቶ ገደማ ያነባል። ቤተሰብም መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሊደናገጥ፣ ለጥገና ወጪ ሊዳረግ፣ ከዚህም የከፋው ደኅና መሣሪያ ከሕመምተኛው ላይ ሊያነሣ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መለኪያው በሚሠራበት ቦታና ሰዓት በንጹሕ አየር ላይ ወደ 20.9 መስተካከል አለበት። ይህ ካሊብሬሽን ይባላል። ዛሬ በሰበታ የተስተካከለ መለኪያ ነገ ወደ ሱሉልታ ከተወሰደ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። የ300 ሜትር የከፍታ ልዩነት ብቻ 93 መሆን የሚገባውን ንባብ ወደ 90 ገደማ ሊያወርደው ይችላል።

የናሙና ጋዝን የሚያበላሹ አራት ነገሮች

*የአየር ሾልኮ መግባት።* የላላ መገጣጠሚያ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሰፋ ቱቦ የክፍል አየር ወደ ናሙናው ያስገባል። 93 በመቶ ኦክስጅን ባለው ናሙና ውስጥ አንድ አሥረኛ ያህል አየር ቢቀላቀል ንባቡ ወደ 86 በመቶ ይወርዳል። መሣሪያው ምንም ሳይጎድለው እንደ ተበላሸ ይቆጠራል። ናሙናውን በራሳቸው ፓምፕ የሚስቡ መለኪያዎች በላላ መገጣጠሚያ በኩል አየርም አብረው ስለሚስቡ፣ በእነርሱ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

*እርጥበት።* ለሕመምተኛው የሚሄደው ኦክስጅን አፍንጫን እንዳያደርቅ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ናሙና ከዚህ ጠርሙስ በኋላ ከተወሰደ የውኃው ትነት የኦክስጅኑን ቦታ ይሻማል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ካለው በውኃ ትነት የተሞላ ጋዝ 93 መሆን ሲገባው 90 በመቶ ያሳያል። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት ደጋ፣ ያው የውኃ ትነት ከጠቅላላው ጋዝ የሚይዘው ድርሻ በቆላ ከሚይዘው ይበልጣል። ትነቱ በሱሉልታ ብርዳማ ማለዳ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ደግሞ ቱቦውን ይዘጋል፤ ሴሉ ላይ ከደረሰም ሴሉን ይጎዳል። ስለዚህ ናሙና መወሰድ ያለበት ከጠርሙሱ በፊት፣ በደረቅ ቱቦ ነው።

*መታፈን።* ናሙናው ተለክቶ ሲያበቃ በመለኪያው መውጫ ቀዳዳ በነፃነት መውጣት አለበት። ቀዳዳው በጣት፣ በጨርቅ ወይም በታጠፈ ቱቦ ከተዘጋ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሴሉም ግፊትን ስለሚሰማ ከእውነቱ የበለጠ ያነባል። በእነዚህ ከተሞች ከፍታ ላይ 5 ኪሎ ፓስካል ብቻ የሚሆን ትርፍ ግፊት 93 በመቶውን 99 ሊያስመስለው ይችላል። ይህ ስሕተት ከሌሎቹ የበለጠ አደገኛ ነው፤ አየር መግባትና እርጥበት ደኅናውን መሣሪያ መጥፎ ሲያስመስሉ መታፈን ግን መጥፎውን ደኅና ያስመስለዋል።

*ቆሻሻና ቅባት።* አቧራ የናሙናውን መንገድ ይዘጋል። ዘይት፣ ቅባት፣ ቫዝሊንና የመሳሰሉት ግን ከልኬት ስሕተት አልፈው የእሳት አደጋ ያመጣሉ። የጠበቀ መገጣጠሚያን ለማላላት በኦክስጅን መሣሪያ ላይ ቅባት መቀባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የአለካክ ቅደም ተከተል

ልኬቱን የጤና ተቋሙ የባዮሜዲካል ባለሙያ ቢያከናውነው ይመረጣል። በቤት ውስጥ መለኪያ ያላቸው ቤተሰቦችም ሆኑ ባለሙያ ሲለካ የሚመለከቱ አስታማሚዎች የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊያውቁት ይገባል።

1. ሕመምተኛው ለአፍታም ቢሆን ኦክስጅን ሳይኖረው መቆየት የለበትም። ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ተለዋጭ ምንጭ ተዘጋጅቶ ሕመምተኛው ወደ እርሱ መዛወር አለበት። ተለዋጭ ምንጭ ከሌለ ልኬቱ በጤና ባለሙያ ፊት ይከናወናል።

2. እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይደረጋል፤ መስኮት ይከፈታል። ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣንና ማንኛውም እሳት ከክፍሉ ይወጣል።

3. ኮንሰንትሬተር ከሆነ በመመሪያው የተጻፈውን ጊዜ ያህል ይሠራል፤ ብዙዎቹ ሙሉ ጥራት ላይ ለመድረስ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይፈልጋሉ። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ መሣሪያ ደግሞ እስከ 30 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል።

4. መለኪያው ከኦክስጅን መውጫው ርቆ በንጹሕ አየር ላይ ወደ 20.9 ይስተካከላል። ኦክስጅን ሲፈስ በቆየበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማስተካከል ስሕተት ነው፤ የክፍሉ አየር ራሱ ከተለመደው የበለጠ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላልና። መለኪያው ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ከሆነ የክፍሉን ሙቀት እስኪላመድ ይጠበቃል። በጤና ተቋማት ጥራቱ የተረጋገጠ ንጹሕ ኦክስጅን ካለ ሁለተኛው ማስተካከያ በእርሱ ይደረጋል።

5. የውኃው ጠርሙስ ይነሣል። አጭር፣ ደረቅና ንጹሕ ቱቦ ከኦክስጅኑ መውጫ ወደ መለኪያው በቀጥታ ይገጠማል። ሕመምተኛው የተጠቀመበት የአፍንጫ ቱቦ ወይም ጭምብል ለናሙና አይውልም፤ በትንፋሽ የተበከለ ስለሆነ ቫይረሱን ወደ መለኪያውና ወደ ለኪው ያስተላልፋል።

6. ፍሰቱ መለኪያው በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ ሆኖ ሕመምተኛው በሚጠቀምበት መጠን ይስተካከላል። ኮንሰንትሬተር በዝቅተኛ ፍሰት ጥሩ ሆኖ በከፍተኛ ፍሰት ሊደክም ስለሚችል፣ በደቂቃ 5 ሊትር የሚወስድ ሕመምተኛ ላለበት ቤት በ1 ሊትር የተደረገ ልኬት ዋስትና አይሆንም።

7. በቱቦው ውስጥ የነበረው አየር ተጠርጎ እስኪወጣና ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይጠበቃል። ገና እየወጣ ያለ ቁጥር አይመዘገብም። በዚህ ጊዜ የመለኪያው መውጫ ቀዳዳ ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል።

8. ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የፍሰቱ መጠንና ንባቡ በደብተር ይጻፋል። ከአንድ ቁጥር ይልቅ በሳምንታት ውስጥ የታየው ለውጥ ስለ መሣሪያው የበለጠ ይናገራል።

9. መለኪያው ተነቅሎ እንደገና በንጹሕ አየር ላይ ይታያል። ወደ 20.9 ከተመለሰ ልኬቱ ይታመናል፤ ካልተመለሰ ማስተካከሉም ልኬቱም ይደገማል።

10. ጠርሙሱ ተመልሶ ይገጠማል፤ ሕመምተኛው ከመዛወሩ በፊትም ውኃው መንፎልፎሉና መገጣጠሚያው አየር አለማስወጣቱ ይረጋገጣል።

ሲሊንደር በሚለካበት ጊዜ መለኪያውን በቀጥታ ከሲሊንደሩ ቫልቭ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው። በሙሉ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ከ100 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ናሙና የሚወሰደው በሬጉሌተርና በፍሎው ሜትር በኩል ብቻ ነው። ቫልቩም በዝግታ ይከፈታል።

ውጤቱ ምን ማለት ነው?

ኮንሰንትሬተር ኦክስጅን አይፈጥርም፤ ከክፍሉ አየር ላይ ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በሚባል ማዕድን አጣርቶ ያስቀራል። በአየር ውስጥ ያለውን አርገን የተባለ ጥቂት ጋዝ ግን ከኦክስጅን ሊለየው አይችልም። በዚህም ምክንያት ከእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠበቀው ከፍተኛ ጥራት 96 በመቶ ገደማ ነው።

ከ90 እስከ 96 በመቶ ያለ ንባብ የተለመደና ጥሩ ነው። ከ82 እስከ 90 የሆነ ንባብ መሣሪያው መድከም እንደ ጀመረ ያመለክታል፤ ልኬቱ ይደገማል፣ የአየር ማጣሪያው ከአቧራ ይጸዳል፣ ባለሙያም እንዲያየው ይደረጋል። ንባቡ ከተደገመ በኋላም ከ82 በመቶ በታች ከሆነ መሣሪያው ለሕመምተኛ አገልግሎት መዋል የለበትም፤ ሕመምተኛው ወደ ተለዋጭ ምንጭ ይዛወራል። ኮንሰንትሬተር 99 ወይም 100 በመቶ ካሳየ ደግሞ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያጠራጥር ነው፤ መለኪያው በትክክል አልተስተካከለም ወይም ናሙናው ታፍኗል ማለት ነው።

ከፈሳሽ ኦክስጅን የተሞላ የሕክምና ሲሊንደር 99 በመቶና ከዚያ በላይ ያሳያል። ከላይ በተጠቀሰው የማጣራት ዘዴ ከሚሠራ የኦክስጅን ማምረቻ የተሞላ ሲሊንደር ግን 93 በመቶ ገደማ ቢያሳይ ጉድለት አይደለም። ስለሆነም ሲሊንደር የሚያስሞላ ቤተሰብ ከየትኛው ዓይነት ማምረቻ እንደ ተሞላ ጠይቆ መመዝገብ አለበት።

ኮንሰንትሬተር የሚገዛ ወይም የሚከራይ ቤተሰብም መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ በመመሪያው ላይ መመልከት ይኖርበታል። በባሕር ጠለል አቅራቢያ ጥሩ የሚሠራ መሣሪያ ስስ አየር ስቦ በሚሠራበት ደጋ የተጻፈለትን ጥራት ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መሣሪያው በሚውልበት ከተማ፣ ሕመምተኛው በሚፈልገው ፍሰት እንዲለካ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መለኪያው የማይነግራቸው ነገሮች

መለኪያው የኦክስጅንን መጠን እንጂ ከእርሱ ጋር ያለውን ጎጂ ነገር አይናገርም። ለብየዳ ሲያገለግል የቆየ ሲሊንደር 99 በመቶ ኦክስጅን ይዞ ሳለ ዝገት፣ ዘይት ወይም የሌላ ጋዝ ቅሪት ሊኖረው ይችላል። ጥሩ ንባብ የኢንዱስትሪ ሲሊንደርን የሕክምና ሲሊንደር አያደርገውም። ቀለም ሊቀባ ስለሚችል በሲሊንደሩ ቀለም ብቻ መተማመንም አይገባም።

በመሣሪያው መውጫ ላይ የተነበበው ቁጥር ሕመምተኛው ወደ ሳንባው የሚያስገባው መጠን አይደለም። በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ኦክስጅን ከክፍሉ አየር ጋር ይቀላቀላል። ሕመምተኛው በቂ ኦክስጅን ማግኘቱን የሚያሳዩት ፐልስ ኦክሲሜትሩ፣ የአተነፋፈሱ ሁኔታና ንቃቱ ናቸው። ኮቪድ-19 የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች የትንፋሽ ማጠር ሳይሰማቸው የደማቸው ኦክስጅን ሊያሽቆለቁል ስለሚችል ሙሌቱ በየዕለቱ ተለክቶ መመዝገብ አለበት።

በፐልስ ኦክሲሜትር የታየው ሙሌት ከ94 በመቶ በታች ሲሆን ወይም ከቀድሞው እየወረደ ሲሄድ የጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ከ90 በመቶ በታች ከወረደ፣ ሕመምተኛው ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ግራ መጋባት ከታየበት፣ የጋዙ ንባብ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው። በራስ ፈቃድ ፍሰቱን መጨመር ጊዜ ከማባከን በቀር መፍትሔ አይሆንም።

ሁልጊዜ መታወስ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላው ነገር በፍጥነት እንዲነድ ግን ያደርጋል። በልኬት ጊዜ ከመለኪያው የሚወጣው ጋዝ በልብስና በአልጋ ልብስ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ሕመምተኛ ለመጠየቅ የመጣ እንግዳን ቡና አፍልቶ ማስተናገድ የቆየ ወግ ቢሆንም፣ የከሰል ምድጃውና ዕጣኑ ኦክስጅን ካለበት ክፍል ውጭ መሆን አለባቸው፤ እሳት ከኦክስጅን ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። በክፍሉ ውስጥ ሲጋራ አይጨስም። በወረርሽኙ ወቅት ጠያቂን መቀነስም ከሁለቱም አደጋ ይጠብቃል።

መለኪያው በልዩ ልዩ ቤቶች የሚዞር ከሆነ አካሉ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪተንም ወደ ኦክስጅን አይቀርብም፣ ወደ ሴሉም እንዲገባ አይደረግም። የናሙና ቱቦው በየቤቱ ይለወጣል። የመብራት መቋረጥ በሚያጋጥምባቸው አካባቢዎች ኮንሰንትሬተር ያለበት ቤት ሁሉ ተለዋጭ ሲሊንደር ማዘጋጀት አለበት፤ መብራት ተመልሶ መሣሪያው ሲነሣም ጥራቱ እስኪስተካከል ድረስ ሕመምተኛው በሲሊንደሩ ላይ ይቆያል።

ስለ ኮቪድ-19 ምልክቶችም ሆነ በቤት ውስጥ ስላለ ሕመምተኛ ምክር ወይም እገዛ ሲያስፈልግ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ይቻላል።